ማግኔቱ የያዘው ድስት
በሐረር ለሕዝብ የቀረበ የሳይንስ ትምህርት ንግግር



የስቴንለስ ዕቃ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ማግኔት ይዞ መሄዱ እየተለመደ ነው። ማግኔቱ ድስቱን ከያዘ «ፌክ ነው» ይባላል፤ ካልያዘ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ ገንዘቡ ይቆጠራል። በዚህ ፍርድ ደህናው ዕቃ ተንቆ ይቀራል፣ ደካማው በውድ ዋጋ ይሸጣል። የሐረር እናቶች ሰሃኑን፣ ጎድጓዳውን፣ ትሪውን በግድግዳ ላይ ደርድረው በማኖር የታወቁ ስለሆኑ ስለ ዕቃ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ አለ ብዬ አልደፍርም። እኔ ላስረዳ የመጣሁት ማግኔቱ በእርግጥ የሚያየው ምን እንደሆነ ነው። የማግኔቱን ነገር ከተረዳን ደግሞ ስቴንለስ ስቲል ሲቀጠቀጥ፣ ሲጠቀለልና ሲጎተት ለምን እንደሚጠነክር፣ አንዱ ከሌላው በላይ የሚጠነክርበትንም ምክንያት አብረን እናገኘዋለን።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ አለ። 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለበት፣ በቁጥር 304 የሚባለው ዓይነት ነው። ማግኔቱን ጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጠው ተንሸራቶ ይወድቃል፤ አልያዘውም። አሁን ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ላስጠጋው። ያዘ። ጠንክሮ ባይሆንም ያዘ። ከፊት ያላችሁ ወጣቶች መጥታችሁ ሞክሩት። ሲንኩ ከአንድ ላሜራ የወጣ ነው፤ ብየዳ የለበትም። ያው ብረት አንድ ቦታ በማግኔት አይያዝም፣ ሌላ ቦታ ይያዛል። ልዩነቱ ጥጉ ጋ ያለው ብረት በፋብሪካው መጫኛ ተስቦና ታጥፎ መከራውን ማየቱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ወደ አቶሞቹ ወርደን እንይ። የተራ ብረት አቶሞች በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ በኪዩብ ማዕዘኖች ላይ ስምንት፣ በመካከሉ አንድ። ይህ አደራደር ማግኔት ይይዘዋል። ብረቱ ሲግል፣ ከ912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ አቶሞቹ ቦታ ይለዋወጡና ሌላ አደራደር ይይዛሉ፤ ከመካከል ወጥተው የኪዩቡ ስድስት ፊቶች ላይ ይሰፍራሉ። ይህን ሁለተኛውን አደራደር ኦስተናይት እንለዋለን። ማግኔት አይይዘውም፤ ልስልስና እሺ ባይ ነው። ቀጥቃጭ ብረቱን ከፍም አውጥቶ መስፍ ላይ ሲያሳርፈው እንደ ልቡ የሚቀርጸው በከፊል ለዚህ ነው። ተራው ብረት ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ኒኬል በበቂ መጠን የተቀላቀለበት እንደሆነ ግን ኦስተናይቱ ቀዝቅዞም፣ እጃችን ላይም ሆኖ እንዳለ ይቆያል። ጠርዙ በማግኔት ያልተያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሮሚየሙ ሌላ ሥራ አለው። ከ10.5 በመቶ በላይ ሲሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን በብረቱ ላይ ያኖራል። ሽፋኑ ሲቧጠጥ ራሱን መልሶ ያድሳል። አለመዛጉ ከዚህ ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ የክሩፕ ፋብሪካ ሰዎች፣ ቤኖ ስትራውስና ኤድዋርድ ማውረር፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ክሮሚየምና ኒኬል የተቀላቀለበትን ብረት አስመዘገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ወር እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ ሼፊልድ ላይ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ያለውን ብረት አቀለጠ። ያኔ እዚህ ሐረር የሚገዙት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ነበሩ። ጥንታዊ የምንለው የጀጎል ግንብ ከእነዚያ ብረቶች 350 ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ ስቴንለስ ስቲል ግን የአያቶቻችን እኩያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብረት ሲታጠፍ ውስጡ ምን ይሆናል?

ይህን የስቴንለስ ሽቦ ያዙት። እጠፉት፤ ከዚያ መልሳችሁ አቅኑት። አይቀናም። ያጠፋችሁበት ቦታ እንደታጠፈ ይቀርና ከአጠገቡ አዲስ መታጠፊያ ይወጣል፤ ሽቦው እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የታጠፈው ቦታ ከጎረቤቱ በላይ ጠንክሮ ስለተገኘ፣ ሁለተኛው ኃይል ደካማውን ቦታ መርጦ ሄደ። ይህን ሁላችሁም በእጃችሁ የምታውቁት ነው። ምክንያቱ ግን እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ ለማንም ግልጽ አልነበረም። በዚያ ዓመት ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጄፍሪ ቴይለር፣ ኢጎን ኦሮዋንና ሚካኤል ፖላኒ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲሠሩ ቆይተው፣ አንድ መልስ ላይ ደረሱ። ብረት ቅርጹን የሚለውጠው የአቶም ረድፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንሸራተው አይደለም። በአደራደሩ ውስጥ ዲስሎኬሽን የሚባሉ ጉድለት ያለባቸው መስመሮች አሉ፤ ኃይል ሲያርፍባቸው የሚጓዙት እነሱ ናቸው። አንዱ መስመር ብረቱን ዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ብረቱ በአንድ አቶም ያህል ይንሸራተታል።

መስመሮቹ ሲጓዙ ደግሞ ይራባሉ። በእሳት በለሰለሰ ብረት ውስጥ፣ በአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያሉት መስመሮች ጫፍና ጫፋቸው ቢቀጣጠል እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከሐረር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ክፉኛ በተቀጠቀጠ ብረት ውስጥ ግን አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ጨረቃ ደርሶ መመለስ እንኳ ይህን አይሞላም። ይህ ሁሉ መስመር አንዲት የስኳር ኩብ በምታህል ቦታ ውስጥ ነው። እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ መንገድ ይዘጋጋል። መንገድ ሲዘጋ ለማንቀሳቀስ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። መጠንከር የምንለው ይህንን ነው።

እንግዲህ የጀጎልን ጠባብ መንገዶች አስቡ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው በዚህ ጀጎል ውስጥ 368 እንደሆኑ ይነገራል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ ፊቱ ቢዘጋበት በቅርቡ ባለው መታጠፊያ ገብቶ ያመልጣል። ሁለት ሰዎች ረጅም አግዳሚ እንጨት ፊትና ኋላ ሆነው ተሸክመው ሲሄዱስ? ቀጥ ባለው መንገድ ይሄዳሉ፤ ጠባቡ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ግን መዞር አይችሉም። ፊታቸው ከተዘጋ ይቆማሉ፤ ከኋላ የሚመጣውም ይቆማል። በኦስተናይት ውስጥ ያሉት ዲስሎኬሽኖች እንዲህ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ሥርዓቱ የተዛባ ጠባብ ሰቅ ተዘርግቶበት ይጓዛል። ወደ ሌላ ገጽ ለመታጠፍ ሁለቱ ግማሾች መጀመሪያ መገናኘት አለባቸው። በአሉሚኒየም እንጨቱ በጣም አጭር ነው፤ ግማሾቹ የተጣበቁ ያህል ስለሆኑ እንደ ልባቸው ይታጠፋሉ፤ ለዚህም የአሉሚኒየም ድስት ሲቀጠቀጥ ብዙ አይጠነክርም። በስቴንለስ እንጨቱ ረጅም ነው። መጨናነቁ ፈጥኖ ይመጣል፤ ብረቱም ፈጥኖ ይጠነክራል።

የእንጨቱን ርዝመት የሚወስነው ደግሞ ቅይጡ ነው። ኒኬልና መዳብ ያሳጥሩታል። ክሮሚየም፣ ሲሊኮንና በብዛት ሲገባ ናይትሮጅን ያስረዝሙታል። ስለዚህ ሁለት ቀጥቃጮች በአንድ ዓይነት መዶሻ፣ በእኩል ጉልበት፣ ሁለት የማይዝጉ ብረቶችን ቢቀጠቅጡ እኩል ጥንካሬ አያገኙም። የምቱን ፍሬ ብረቱ ገና ሲቀልጥ የገባው ነገር አስቀድሞ ለክቶታል።

እስካሁን ያልኩት የማግኔቱን ጥያቄ አልመለሰም። አሁን ይመለሳል።

እንጨቱ በጣም ሲረዝም፣ ያ ሥርዓቱ የተዛባው ሰቅ ለአዲስ አደራደር መነሻ ይሆናል። ሰቆች በሚቆራረጡበት ቦታ ኦስተናይቱ በድንገት ይፈርስና አቶሞቹ ወደዚያ ወደ መጀመሪያው፣ በመካከሉ አንድ አቶም ወዳለበት አደራደር ይዘላሉ። የተወለደው ነገር ማርቴንሳይት ይባላል። ጠንካራ ነው፤ ማግኔትም ይይዘዋል። በሲንኩ ጥግ ማግኔቱን የያዘው ይህ ነው። ብረቱ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ ተስቦ ከፊሉ ስለተለወጠ ነው።

የማርቴንሳይቱን መወለድ ጥቅም በደንብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እሱ ነውና። ተራ ላሜራ ሲጎተት አንድ ቦታ ላይ መቅጠን ይጀምራል። የቀጠነው ቦታ ደካማ ስለሆነ ይባስ ይቀጥናል፤ ይበጠሳል። በ304 ዓይነት ብረት ግን መቅጠን የጀመረው ቦታ ብዙ ስለተሳበ ማርቴንሳይት በብዛት የሚወለድበት እዚያው ነው። ሊበጠስ የነበረው ቦታ ከሁሉ የጠነከረ ይሆናል፤ መሳቡ ወደ ጎረቤቱ ይሸጋገራል፤ ጎረቤቱም ተራው ሲደርስ ይጠነክራል። በዚህ መንገድ ብረቱ በሙሉ እኩል ይሳባል። ጥልቅ ሲንክ፣ አንገት ያለው ማንቆርቆሪያ፣ የቢራ በርሜል ከጠፍጣፋ ላሜራ ሳይቀደድ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማችን ያለው የሐረር ቢራ ፋብሪካም ሆነ ሌላ ቢራ ጠማቂ ድራፍት የሚልክባቸው የብረት በርሜሎች አሠራራቸው ይኸው ነው።

ታዲያ ማርቴንሳይቱ መቼ ይወለዳል? ቅይጡና ሙቀቱ ተማክረው ይወስኑታል። እ.ኤ.አ. በ1954 አንጀል የተባለ ተመራማሪ ዛሬም የምንጠቀምበትን ስሌት አወጣ። የብረቱ ቅርጽ በ30 በመቶ ሲለወጥ ግማሹ ማርቴንሳይት የሚሆንበትን ሙቀት ይነግራል። ከ413 ዲግሪ ይነሳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ኒኬል 9.5 ዲግሪ፣ ለክሮሚየም 13.7፣ ለማንጋኒዝ 8.1፣ ለሲሊኮን 9.2፣ ለሞሊብዲነም 18.5 ይቀነሳል። ካርቦንና ናይትሮጅን አንድ ላይ ተደምረው ለአንድ በመቶ 462 ዲግሪ ይቀንሳሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ልብ በሉልኝ። አቶሞቻቸው ትንንሽ ስለሆኑ በብረት አቶሞች መካከል ባለው ክፍተት ይሸጎጣሉ። አንድ አሥረኛ በመቶ ብቻ ወደ 46 ዲግሪ ያወርዳል፤ አምስት በመቶ ኒኬል ከሚያደርገው ጋር የተቀራረበ ነው።

በዚህ ስሌት አንድ የተለመደ 304 እንሥራ። ክሮሚየም 18.2፣ ኒኬል 8.2፣ ማንጋኒዝ 1.5፣ ሲሊኮን 0.5፣ ካርቦንና ናይትሮጅን በድምሩ 0.1 በመቶ። ውጤቱ 23 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የሐረር የቀትር አየር በሉት! ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ጠዋቷ ቀዝቃዛ ነው። ድሬዳዋ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ትገባለች። ይህንኑ ላሜራ ከሁለት ከፍለን አንዱን እዚህ በማለዳ፣ ሌላውን ድሬዳዋ በጠራራ ፀሐይ ቀስ ብለን በእኩል መጠን ብንስበው፣ የሐረሩ ብዙ ማርቴንሳይት ያወጣል፤ ማግኔትን ይበልጥ ይስባል፤ ይበልጥም ይጠነክራል። በፍጥነት ከተቀጠቀጠ ግን ምቱ ራሱ ብረቱን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ ይጠባል። ፋብሪካዎች ይህን ያውቁታል፤ ማርቴንሳይት ሲበዛባቸው መጫኛውን አሙቀው ይሠራሉ።

ኒኬሉን ከ8.2 ወደ 10 ብናሳድገው 23 ዲግሪ የነበረው ወደ 6 ይወርዳል። ብረቱ ሲሳብ ልስልስነቱን ይዞ ይቆያል፤ ለጥልቅ ድስት ይመቻል። ሞሊብዲነምና ከፍ ያለ ኒኬል ያለው 316 ከዜሮ በታች ይገባል፤ ስለዚህ የ316 ዕቃ ጥግ በማግኔት እምብዛም አይያዝም። ለብሎን የሚሠራ ሽቦ ጭንቅላቱ በምት ስለሚወጣ እንዲጠነክርበት አይፈለግም፤ ከ3 እስከ 4 በመቶ መዳብ ይጨመርበታል።

በተቃራኒው ጥንካሬ ሲፈለግ ኒኬሉ ሆን ተብሎ ይቀነሳል። 301 የሚባለው ከ6 እስከ 8 በመቶ ኒኬል ነው ያለው። ለስልሶ ሳለ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቢያንስ 52 ኩንታል ተሸክሞ ነው የሚበጠሰው። በቀዝቃዛው በሮለር ተጨፍልቆ እስከ ሙሉ ጥንካሬው ሲደርስ ደግሞ 130 ኩንታል እንዲሸከም የብረት ደረጃ ደንቡ ይጠይቃል። ምንም አልተጨመረበትም፤ ተጨፈለቀ እንጂ። ለሥፕሪንግ፣ ለባቡር ሠረገላ አካል የሚመረጠው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ የባድ ኩባንያ የሠራው ዚፈር የተባለው ባቡር አካሉ በቀዝቃዛው የተጠቀለለ ስቴንለስ ነበር።

ገበያችንን የሚመለከተው ግን ማንጋኒዝ ነው። ኒኬል ውድ ነው። በ201 ዓይነት ብረት ኒኬሉ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ ዝቅ ይልና በምትኩ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ ማንጋኒዝና ናይትሮጅን ይገባል። እነዚህም ኦስተናይቱን አቁመው ስለሚይዙት ላሜራው በማግኔት አይያዝም! ማግኔት የያዘው ሰው «ኦርጅናል» ብሎ ይገዛዋል። ክሮሚየሙ ግን ብዙ ጊዜ ከ304 ያንሳል። በየፎቁ ደረጃ ላይ የምታዩት የሚያብረቀርቅ የእጅ መደገፊያ ዓመት ሳይሞላው ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በኩል 430 የሚባለው ኒኬል የለውም፤ ከመነሻው ማግኔት ይይዘዋል፤ ይሁን እንጂ ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም አለው። ለትሪና ለማንኪያ ጥሩ ብረት ነው፤ ሲሳብ ብዙ ስለማይጠነክር ለጥልቅ ዕቃ ብቻ አይመችም። ማግኔቱ እንግዲህ የሚናገረው ስለ አቶሞች አደራደር ነው፤ ስለ ዝገት የሚያውቀው ነገር የለም። የኒኬልና የማንጋኒዝ ልዩነት ከተፈለገ ብረቱ ላይ ጠብ ተደርጎ ቀለሙ የሚታይ መፈተኛ ፈሳሽ አለ፤ ብዙ ዕቃ የሚገዛ ሆቴል ወይም ነጋዴ ያን ቢይዝ ይሻለዋል።

አሁን ለእጅ ባለሙያዎቹ ልናገር። ከሸዋ በር ውጭ ቆርቆሮና አሮጌ በርሜል ቀጥቅጣችሁ ምድጃና ማንቆርቆሪያ የምታወጡ ወንድሞቼ፣ ስቴንለስ ሲገጥማችሁ መዶሻውን እንደሚያነጥርባችሁ ታውቃላችሁ። ስንፍናችሁ አይደለም። በሦስተኛውና በአራተኛው ምት ላይ የምትመቱት ብረት መጀመሪያ የመታችሁት አይደለም። ሁለት አደጋ አለበት።

አንደኛው ዘግይቶ የሚመጣ ስንጥቅ ነው። ኒኬል ያነሰው ብረት በጥልቀት ተስቦ ማርቴንሳይቱ ከበዛ፣ ዕቃው ተሠርቶ አልቆ፣ ተወልውሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ከአፉ ወደ ታች ይሰነጠቃል። ውስጡ የቀረ ውጥረትና በብረቱ ውስጥ ያለ ጥቂት ሃይድሮጅን ተጋግዘው ማርቴንሳይቱን ይሰነጥቁታል። መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር በሙቀት ማለስለስ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ራሱ በማለስለሱ ላይ ነው። ብር ሠሪ ብሩ ሲደርቅበት ጥቂት አግሎ ያለሰልሰዋል። ስቴንለስ ግን ከ1,010 እስከ 1,120 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያም ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት። ወናፍ ላይ ቀይ እስኪሆን ብቻ አግሎ ቀስ ብሎ እንዲበርድ የተተወ ብረት ከ425 እስከ 815 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ይቆያል። እዚያ ካርቦኑ ክሮሚየሙን እየሰበሰበ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ድንበሩ ክሮሚየም ያጣና በዚያ በኩል ይዝጋል። በብየዳ ግራና ቀኝ እንደ ክር ተከትሎ የሚወጣው የዝገት መስመር መነሻው ይኸው ነው። በቀዝቃዛው የተገኘውም ጥንካሬ በብየዳው አጠገብ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ያንን ሁሉ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መስመር ይጠርገዋልና።

ለብየዳ የሚሆነው 304 ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጎ ይቀለጣል፤ ከቁጥሩ ኋላም «ኤል» የምትል ፊደል ይጻፍበታል። ካርቦኑ ሲወጣ ግን ከጥንካሬው የተወሰነ ይዞ ይሄዳል። ደንቡ ለ304 የሚጠይቀው፣ ብረቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የማይመለስበት መነሻ ኃይል 205 ሜጋፓስካል ሲሆን ለ304ኤል ወደ 170 ይወርዳል። ሁለቱንም ለሚፈልግ፣ ለብየዳም ለጥንካሬም፣ ከ0.10 እስከ 0.16 በመቶ ናይትሮጅን ይጨመርና 205ቱ ይመለሳል። ያ ናይትሮጅን አሁን በዚህ አዳራሽ የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው የተሠራበት ናይትሮጅን ነው።